የሟርተኛው አንድ ውሸት

የእድራችን ጸሐፊ ደውሎ «ጋሽ ደምሰው ዐረፉ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ስንት ፐርሰንት እርግጠኛ ነህ?» የሚል ነበር። በቀልድ የተናገርኩት አልነበረም፤ ለነገሩ እኔ ያለ ቀልድ ተናግሬ ስለማላውቅ ይህን ብል የሚያምነኝ የለም። ከጋሽ ደምሰው ጋር አሥራ አራት ዓመት የሠራ ሰው ግን ማንኛውንም ወሬ ያለ ግምት አይቀበልም። ነገ በረዶ ይጥላል ሲባል ስንት ከመቶ፣ አለቃው ይነሳል ሲባል ስንት ከመቶ፣ የአቶ እገሌ ልጅ ልታገባ ነው ሲባል ስንት ከመቶ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገና «መቶ» አለኝ። ያኔ ትሩኬን አጠፋሁና ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ትሩክ የምንለው ሹካ ያለውን የዕቃ ማንሻ ነው። የምንሠራው ኦስሎ፣ አልናብሩ ነው፣ ከባቡር የሚወርደው ጭነት በሚከማችበት፣ ላገር በሚሉት መጋዘን ውስጥ። መጋዘኑ ስፋቱ ለጉድ ነው፤ በአንዱ በር ገብተህ በሌላው እስክትወጣ ጺምህ ያድጋል። እዚያ ውስጥ ጋሽ ደምሰው ብርቱካናማ ሰደርያቸውን አጥልቀው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ አንገታቸውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አቅንተው ይቆማሉ። ኮምፒውተሩ ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ ከመናገሩ በፊት እሳቸው ተናግረዋል። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ እሳቸው ልክ የሆኑበትን ቀን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሌላው ጊዜ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ኖርዌጂያኑ አለቃችን «ፕሮፌሰሩ» ይላቸዋል። እኛ ሐበሾቹ ግን «ሟርተኛው» ነበር የምንላቸው፤ ከጀርባቸው። እኔ ፊት ለፊትም እላቸው ነበር፤ ለኔ አፍ የሚሆን ልጓም ገና አልተሠራም።

ስሙ የወጣላቸው በእሑዱ ጠረጴዛ ሰበብ ነው።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ሲወርድ፣ ጋሽ ደምሰው ካፖርት መስቀያው ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ወላጅ ልጁን እየጎተተ፣ የትምህርት ውጤት ያለበትን ወረቀት ይዞ ይሰለፋል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይህ ልጅ ይገባል?» የሚገባው ወደ ገነት አይደለም። ከገነት ይልቅ የጠበበ ቦታ ነው፤ ሕክምና፣ ሕግ፣ ሥነ ልቡና፣ ወይም ደግሞ እንግሊዝ አገር ካሉት ስማቸውን ሲጠራ ወላጅ ያነጠሰ ከሚመስልባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ።

እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥህ ፊትህን አያይም። የሦስት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ውጤትህ ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ ፖዬንግ ይሆናል፤ ነጥብ ማለት ነው። ያለፈው ዓመት የመጨረሻው ተማሪ በስንት ነጥብ እንደገባ በይፋ ይወጣል። ከዚያ በላይ ያለህ ትገባለህ፣ በታች ያለህ ትቀራለህ። «ኮምፒውተሩ ዘመድ የለውም» ይሉ ነበር ጋሽ ደምሰው፣ በአድናቆት። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ ዘመድ ያለው ኮምፒውተር ብዙ አይተዋል።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ወረቀቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ ውጤቱን አያዩም። የሚያዩት ልጁ ስንት ቀን ከትምህርት እንደቀረ ነው። «ውጤት ያለፈውን ይነግራል፤ መቅረት የሚመጣውን ይነግራል» ይላሉ። ቀጥለው ወላጁን «እስቲ እዚያ ጋ ሻይ ጠጡ» ብለው ያባርሩና ልጁን ብቻውን «ማነው የመረጠልህ?» ይሉታል። ከዚያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ምንም ሳይጽፉበት ይመልሱታል፤ ስሌቱ አልቋል ማለት ነው። ፍርዱ አራት ዓይነት ነው። በሩ ክፍት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። በሩ ተቆልፏል። አራተኛው የሚያስለቅሰው ነው፤ በር የለም፣ ግድግዳ ነው።

የኔን ልጅ ግድግዳ አሉት።

እኔ ሕግ እንዲማር ፈልጌ ነበር፤ ባለቤቴ እንዲያውም ስለት ተስላለች። ጋሽ ደምሰው ልጁን «አንተ ራስህ ምን ትወዳለህ?» አሉት። ልጄ ትከሻውን ሰበቀና «የመብራት ገመድ መቀጠል» አለ። እኔን ከሻዩ ጠሩኝ።

«ታዬ፣ ሕግ የፈለግከው አንተ ነህ?»

«ማን ይፈልግ ታዲያ?»

«ለሱ ግድግዳ ነው። ለአንተም ቢሆን ግድግዳ ነበር።»

ሦስት ሳምንት አኮረፍኳቸው። አንድ መደርደሪያ ሥር እየሠራን የምንነጋገረው በትሩክ ጥሩምባ ብቻ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከጮኸ «ዞር በሉ»፣ ሁለት ጊዜ ከጮኸ «አልዞርም»። ልጄ ዛሬ ኤሌክትሪሻን ነው። ቤቴ መጥቶ አምፖል ሲቀይርልኝ እንደ ዳኛ ይቆጣኛል።

ሰዉ የተቀየማቸው ግን በፍርዱ ብቻ አይደለም። የማመልከቻው ቅጽ እስከ አሥር ምርጫ በቅደም ተከተል ያስሞላል። የመጀመሪያው ካልሆነልህ ኮምፒውተሩ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ኖርዌጂያኑ ልጅ አሥሩንም ሞልቶ አሥራ አንደኛ የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ግን ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም። ሁለተኛ ምርጫ መጻፍ ማለት የመጀመሪያው አይሳካም ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው፤ እሱ ደግሞ ሟርት ነው። ስለዚህ የኛ ሰው የመጀመሪያው መስመር ላይ ሕክምና ያስጽፍና አማትቦ ኮምፒውተሩን ይዘጋል። ዘጠኙ መስመር ባዶውን ያድራል።

ጋሽ ደምሰው ጠረጴዛውን የሚደበድቡት እዚህ ላይ ነው። «ሙሉት! ባዶ ቦታ አትተዉ!»

«ጋሼ፣ እንግዲህ እግዜርን አማራጭ አለኝ ልበለው?» አለቻቸው አንዲት እናት።

«እግዜር አይቀየምሽም፣ የኔ እህት። ቅጹን የሚያነበው እሱ አይደለም።»

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ለምን እንዲህ እንደሚጨክኑ ጠየቅኳቸው። ዳቧቸውን እያዩ መለሱልኝ። «ያስተማርኳቸውን ልጆች የጨረሳቸው ‹አይዞህ› የሚባለው ቃል ነው። ማትሪክ ሊፈተን ለሚሄደው ሁሉ አይዞህ ትገባለህ፣ አይዞሽ ትገቢያለሽ እያልን ሸኘን። ውጤት ሲለጠፍ አይዞህ ያልነው ሁሉ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ቀረ። እኛ አስተማሪዎቹ በጓሮ በር ወጥተን ሄድን። እኔም ወጥቻለሁ።» ይህን ብለው ዳቧቸውን ጨረሱ። ሌላ ጊዜ አላነሱትም።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ የዋሹት።

ፀዳለ ጎረቤቴ ነበረች፤ ቫይትቬት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ መግቢያ፣ እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። ኦከርን ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን ታጸዳለች። ባሏ ልጃቸው ሳሮን ሁለት ዓመት ሳይሞላት «ስዊድን ሥጋ ይረክሳል፣ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ወጥቶ እስካሁን ወረፋ ላይ ነው። ፀዳለ ሳሮንን ብቻዋን አሳደገቻት። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ይህ ማጋነን አይደለም፤ ማጋነን ስጀምር ራሴ እናገራለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የኔን ጉልበት መርምራ «ጋሽ ታዬ፣ ክብደት ቀንስ» ብላኛለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሐኪሙም ያለኝ ያንኑ ነው። እዚህ ስለተወለደች «እርስዎ» የሚለው ቃል አፏ ላይ አይቆምም። «ጋሼ» ብላ ትጀምርና «አንተ» ላይ ታርፋለች። ጋሽ ደምሰው ከሌላ ሰው ይህን ቢሰሙ ለሳምንት ያኮርፋሉ፤ ከሷ ሲሰሙ ግን ይስቁ ነበር።

ሳሮን የመጨረሻው ዓመት ላይ በነበረችበት ክረምት ፀዳለ ታመመች። ካንሰሩን ቆሽቷ ላይ ነው ያገኙት። ሐኪሞቹ የሚቀጥለውን በጋ እንደማትጨርሰው በዘዴ ነገሯት። ምግብ እምቢ አለች። ያቺ ሸንቃጣ ሴት በአንድ ወር ውስጥ ካፖርቷ ብቻውን የሚሄድ እስኪመስል ድረስ አለቀች። ሳሮን ሆስፒታል ወንበር ላይ እየተኛች፣ ሲመቻት ትምህርት ቤት እየሄደች፣ ሳይመቻት እየቀረች ከረመች።

በማርች መጀመሪያ ፀዳለ ጋሽ ደምሰውን ጥራልኝ አለችኝ። ከሥራ ስንወጣ በመኪናዬ ይዣቸው መጣሁ። ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነበር። ሳሮን ሾርባ የያዘ ሳህን ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ጋሽ ደምሰው» አለች ፀዳለ፣ «የሰዉን ልጅ ሁሉ ሲገምቱ ኖረዋል። የኔንም ይገምቱልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የቀረችበትን ቀን አዩ። እኔም በትከሻቸው በኩል አየሁት፤ እኔ እንኳ፣ በሒሳብ ከቁጥር ሰባት በላይ የማልተማመነው፣ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ውጤቱን አዩ። እዚህ አገር ትልቁ ውጤት ስድስት ነው፤ ስድስት የነበረው አምስት፣ አምስት የነበረው አራት ሆኗል። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱት፤ ሳይጽፉበት መለሱት። አሁን ግድግዳ ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ትገባለች?» አለች ፀዳለ።

«ትገባለች።»

«የምትፈልገው እኮ ሕክምና ነው። እዚሁ ኦስሎ።»

«አውቃለሁ። በሩ ክፍት ነው። ወለል ብሎ።»

ፀዳለ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ሳሮን ሳህኑን እንደያዘች ቀረች፤ ሾርባው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ያየው የለም።

ደረጃው ላይ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ ስንት ጎደላት?»

«ሦስት ነጥብ።»

ሦስት ነጥብ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ይመስላል። በዚያ ሦስት ነጥብ መሐል የሚቆመው ልጅ ቢሰለፍ ግን ሰልፉ ከቫይትቬት ተነስቶ ባሕሩ፣ ፊዮርዱ ውስጥ ይገባል።

«ታዲያ ምን ነካዎት?»

«ለእናትየው ነው የነገርኳት» አሉ። «ለልጅቷ ለብቻዋ እነግራታለሁ። ማመልከቻው የሚዘጋው በአፕሪል አጋማሽ ነው። ገና አምስት ሳምንት አለ።»

በማግስቱ ፀዳለ እንቁላል በላች። አንድ ሙሉ እንቁላል። በሦስተኛው ቀን ለኦስሎ ሐበሻ ሁሉ ደወለች፤ ያልደወለችለት ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። ወሬው ደግሞ እሳት ሆነ። ቄስ ቢናገረው ምርቃት ነው ይባል ነበር፤ ጎረቤት ቢናገረው ማጽናኛ ነው ይባል ነበር። ሟርተኛው ራሱ «ትገባለች» ካለ ግን ምን ይባላል? አለቀ፣ ገባች። ሴቶቹ እየመጡ ፀዳለን ሳሟት። እኔም ከሁሉ ብሼ ሳሮንን ደረጃው ላይ ባገኘኋት ቁጥር «ዶክተር፣ ጉልበቴን እይልኝ» እላት ጀመር። ማወቁን እያወቅኩ። ቀልድ የለመደ ምላስ ሌላ መንገድ አያውቅም ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ብዙም አልተጽናናሁም።

ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ደምሰው «ዛሬ እነግራታለሁ፣ አንተም ናና ቁም» አሉኝ። ቫይትቬት ገበያው መሐል፣ ከምግብ መደብሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ጠበቅናት። ከረጢት ይዛ ወጣች። ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ካርቶን እንቁላል ይታያል።

«ሳሮን፣ ማመልከቻውን ሞላሽ?» አሏት።

«ያ፣ አዎ ጋሼ። ትናንት። ማማ አጠገቤ ሆና።»

«ስንት መስመር?»

«አንድ። ሁለተኛውን ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። ሟርት ነው አለችኝ።» ሳቀች። «ታውቃታለህ እኮ።»

«እስኪዘጋ ድረስ መጨመር ትችያለሽ። ስድስት፣ ሰባት ጨምሪ። እሷ ሳታይ።»

«ለምን?»

እንግዲህ የመጡበት ጥያቄ ይኸው። ጋሽ ደምሰው ከንፈራቸውን አራሱ። ሳሮን ግን ጠብቃ አልቆየችም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት በላች። ራሷ ተነስታ፣ ራሷ ጠብሳ። አንተ ከመጣህበት ቀን ጀምሮ ትበላለች። ማታ ማታ ‹ነጭ ጋውን ስትለብሺ› እያለች ታወራኛለች። ከኋላዋ ሄጄ መስመር ብጨምር ታውቅብኛለች፤ ፊቴን ታነባለች። ደግሞ ለምን እጨምራለሁ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁሉም ሰው ይዋሸናል። ሐኪሞቹም፣ ቄሱም። ጋሽ ታዬማ ሥራው ነው። የማትዋሸው አንተ ብቻ ነህ።»

«አጥኚ» አሏት ጋሽ ደምሰው። «የቀሩትን ፈተናዎች በደንብ አጥኚ።»

እኔስ? እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። አፍ አለኝ፣ ምላስ አለኝ፣ ሌላው ቢቀር ድምፅ አለኝ። ያወጣሁት ቃል «እንቁላሉ ይህን ያህል ከበዛ ዶሮ እናርባ» የሚል ነው። ሳሮን ሳቀችና ሄደች። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ቀሩ። አውቶቡስ ሦስት ጊዜ አለፈን።

ፀዳለ በሜይ መጨረሻ ሞተች፣ ዛፉ ሁሉ ባበበበት ሳምንት። ልቅሶው ላይ አልቃሾቹ «የዶክተሯ እናት፣ ሳታይው ሄደሽ» እያሉ አለቀሱ። ይህን ሲሰሙ ጋሽ ደምሰው ተነስተው በረንዳ ወጡ። ለመውጣት ያለፉት በሳሮን ፊት ነበር፤ እጃቸውን ይዛ ሳመቻቸው።

ውጤቱ የሚወጣው በጁላይ ነው። ያን ቀን ፀሐይዋ ለጉድ ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ የጥበቃው ሰው አንዲት ልጅ በሩ ላይ ትፈልጋችኋለች አለን። ሳሮን አጥሩ ሥር ቆማለች። ስልኳ እጇ ላይ ነው፣ ሰላም አላለችም።

«አንድም ቦታ አልሰጡኝም» አለች።

ጋሽ ደምሰው ሰደርያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ለምን እንዳወለቁት አላውቅም።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምን ያህል ዕድል ነበረኝ?»

«አልነበረሽም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ከኋላችን የጭነት ባቡር እየተጎተተ ነበር፤ እሱ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረባት። ጠበቀች። ከዚያ ለእናቷ ለምን ዋሹ ብላ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ሌላ ነው። «ገበያው ጋ፣ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ማማ አልነበረችም። ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሽ ደምሰው በእጃቸው የያዙትን ሰደርያ ማጠፍ ጀመሩ። ሳሮን ወደኔ ዞረች፤ «አንተም ታውቅ ነበር» አለች፣ እንደ ጥያቄ ሳይሆን። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ለቅጣት ያህል ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ታዬ ሳይሆን ታዬ ብቻ ሆንኩ።

ጠረጴዛው ታጠፈ። እሑድ ወላጆች ወረቀት ይዘው ሲመጡ ጋሽ ደምሰው «አላውቅም» ይላሉ። «ገርበብ እንኳ አላለም ወይ?» ሲሏቸው «አላውቅም» ይላሉ። የማያውቁት ነገር ሊኖር አይችልም ብሎ ሰዉ ተቀየማቸው። አንዳንዱ «ሟርተኛው በእርጅናው ኮራ» አለ። ጋሽ ደምሰው በኔ በኩል ለሳሮን መልእክት ላኩ፤ ፈተናዎቹን በግል ደግማ መውሰድ ትችላለች፣ ሒሳቡን በየሳምንቱ ላስጠናት አሉ። ነገርኳት። «ናይ በለው» አለችኝ፣ በዚህ አገር ቋንቋ እምቢ ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች። ቀን ሽማግሌ እያጠበች፣ ባላት ጊዜ ብቻዋን እያጠናች፣ በየወቅቱ አንድ አንድ ትምህርት ደግማ ተፈተነች። ጋሽ ደምሰው መንገድ ላይ ሲያዩዋት ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እሷ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ነበር። እሳቸውም ያን ሁሉ ጊዜ ማውለቃቸውን አልተዉም፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ራሰ በራ።

ዘንድሮ በማርች ልባቸው ታመመ። ሆስፒታል ተኝተው ሐኪሙን ስንት ከመቶ ነው ዕድሌ አሉት። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «እያንዳንዱን ቀን እንደ አመጣጡ እናየዋለን» አላቸው። እሱ ሲወጣ «ቁጥር የሚፈራ ሐኪም» አሉኝ። «ራስዎስ ስንት ይላሉ?» አልኳቸው። «እኔ ላይ ስሌቱ አይከብድም» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለሳሮን ደረጃው ላይ ነገርኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ከረጢቷን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችና ገባች። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ገባች። ካፖርቷ ሥር የሥራ ልብሷን ለብሳለች። ሰላምታ የሚመስል ነገር አለች። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠች።

«ገምትልኝ» አለች።

መነጽራቸውን አደረግኩላቸው። ወረቀቱን ራሳቸው ያዙ። ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ሒሳብ ስድስት» አሉ። «ኬሚስትሪ ስድስት። ማን አስጠናሽ?»

«ማንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ጊዜ እኔ ብርድ ልብሱ ሥር እጄን ልኬ የእግራቸውን አውራ ጣት ቆነጠጥኩ። ትገቢያለሽ ይበሏት፣ ምን አለበት፣ ሁለቱም ታርቀው ይለያዩ ብዬ ነው። እግራቸውን ሰበሰቡ።

«አትገቢም» አሉ። «ውጤቱን ያሻሻለ ሰው የሚቆምበት ወረፋ ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ይከብዳል። አንድ ነጥብ ተኩል ይጎድልሻል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ።»

ሳሮን ቆማ አየቻቸው። ወጥታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠች፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች።

«ያኔ ብትነግረኝ አሁን ሁለተኛ ዓመት እሆን ነበር» አለች። «የሆነ ቦታ።»

«አዎ።»

«ማማ ደግሞ አትበላም ነበር።»

«አዎ።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ስለዚያ ነገር አልተነጋገሩም። ይቅርታ ጠይቀዋታል እንዳልል አልጠየቁም፤ ይቅር ብላቸዋለች እንዳልል አላለችም። «ሁለተኛው ላይ ምን ልጻፍ?» አለች። ጋሽ ደምሰው ዓይናቸውን ጨፍነው መናገር ጀመሩ፤ ፋርማሲ እዚህ፣ ራጅ ሰሜን፣ ነርሲንግ እዚያኛው ከተማ። የየአንዳንዱን መግቢያ ነጥብ ከነሽርፍራፊው በቃላቸው ያውቁታል። ሁለት ዓመት «አላውቅም» ያሉት ሰው። አንዳንዱ ላይ ትከራከራቸዋለች፤ «እሱ ሩቅ ነው»፣ «እሱን ከሱ በፊት አድርጊው፣ ትሰሚኛለሽ?»፣ «ቆይ እሺ»። የሕክምናውን መስመር ልትሰርዘው ስትል እጃቸውን አነሱ።

«እሱን ተይው።»

«አትገቢም አልከኝ እኮ።»

«አትገቢም። መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን ከሆነ ግን ቦታው እዚያ ነው።»

አሥሩንም ሞሉ። ነርሷ መጥታ በቃ፣ ይረፉ አለች። ሳሮን ካፖርቷን ለብሳ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረገችላቸው፤ መጦሪያው ውስጥ በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ እንደምታደርገው ዓይነት። በስድስተኛው ቀን ነው ጸሐፊው የደወለልኝ።

ቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጻፍ ተብዬ እኔ ጻፍኩ። መጽሐፍ የሚያህል ልጽፍ ተነስቼ ገጽ ተኩል ላይ ቆምኩ። ሌላ ሰው አየት አድርጎት «ውሸት የማያውቁ» የሚል ጨመረበት። ሲነበብ እኔና ሳሮን አልተያየንም።

በጁላይ አንድ ቀን ጠዋት ሳሮን በሬን አንኳኳች። ስልኳን ዘረጋችልኝ። የመጀመሪያው መስመር አጠገብ አልተቀበልንም ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ፣ ባቡር የማይደርስበት የሰሜን ከተማ፣ የራጅ ትምህርት፣ ቦታ ተሰጥቶሻል ይላል። ኦገስት ላይ ትሄዳለች።

«ለሕክምናው ስንት ጎደለሽ?» አልኳት።

«አንድ ተኩል።»

ይህን ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ በኔና በእናቷ ፎቅ መሐል፣ እና አለቀሰች። እናቷ ስትቀበርም እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። ለእናቷ ይሁን፣ ለሕክምናው ይሁን፣ ለሽማግሌው ይሁን አልጠየቅኳትም። እኔ ለማንኛውም ነገር የሚሆን ቀልድ የማላጣው ሰውዬ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት ጎረቤት ከታች የገበያ ከረጢት ይዛ መጣች። እግራችንን ሰብሰብ አደረግንላት፣ «ሃይ» አለችን፣ አለፈች።